ከውጭ ሁለት መስኮት

ጥቅምት 3

ይድረስ ለእትዬ፤

ሰላምታውን ወደ መጨረሻ አዛውሬዋለሁ። ስናደድ ሰላምታዬ እንደማያምር ታውቂያለሽ።

አይ፣ አልመጣም። ይህ ለመጀመሪያው ጥያቄሽ ነው። ለሁለተኛው ደግሞ፣ አዎ፣ የሕንፃ ቁጥጥር ቢሮው ለአጥቢያችሁ የላከውን ወረቀት አንብቤዋለሁ፤ ሦስት ጊዜ። «የቤተ ክርስቲያኑ ሰሜናዊ ግድግዳ ወደ ውጭ ያዘነበለና ስንጥቅም የሚታይበት ስለሆነ፣ ፈቃድ ባለው መሐንዲስ የተፈረመ ሪፖርት እስከ ታኅሣሥ መጨረሻ ካልቀረበ ሕንፃው ተዘግቶ ይፈርሳል።» ያዘነበለ! በስንት? ከየት ጀምሮ? በምን ተለክቶ? አንድ ሰው መንገድ ላይ ቆሞ አንገቱን ጠመም አድርጎ አየና ጻፈ። በእኔ ቢሮ የሚሠራ ልጅ እንዲህ ያለ ወረቀት ቢያመጣልኝ እሱንም ወረቀቱንም በመስኮት ነበር የማስወጣቸው።

ያንን ግድግዳ የሠራው አባባ ነው። መሐንዲስ የሆንኩት ያንን ግድግዳ እያየሁ ነው። መንደሩስ ምን አደረገለት? ውስጡን ማን እንደለሰነው በማይታወቅ፣ እንደ ድንች ማሳ በጎበጠ ልስን ሸፈነበት። ከሃያ ዓመት በላይ፣ ሰው ሁሉ ውስጥ ሲጸልይ፣ አባባ ውጭ እዚያው ግድግዳ ሥር አግዳሚ ወንበር ላይ ብቻውን ተቀመጠ፤ «ግባ» ያለው የለም። ይባስ ብለው «ዘበኛው» የሚል ስም አወጡለት። ሲሞት ስሙ በግድግዳው ላይ ይቀረጽ ብዬ ብለምን፣ የድሮው ቄስ «እዚያ ግድግዳ ላይ አይሆንም» አሉኝ። ምክንያት እንኳ አልነገሩኝም። ከቀብሩ እንደወጣሁ ሄድኩ፤ ይኸው ሃያ ሁለት ዓመት። አሁን ግድግዳው ሲታመም መሐንዲሱ ልጅ ትዝ አላቸው።

ቢሆንም የአባባን ግድግዳ አንገቱን ላጣመመ ጸሐፊ አልተውም። የቢሮውን ቅጽ እሞላዋለሁ። ከሪፖርቱ ሌላ «የሕንፃው ታሪክና ለማኅበረሰቡ የሚሰጠው አገልግሎት» የሚል ክፍል አለው። ለምን ለምን እንደሚያገለግል ጻፊልኝ። የሕንፃውን ወርድ ከውጭም ከውስጥም ለኪልኝ። አንድ ነገር ደግሞ መልሺልኝ። ልጅ ሆኜ ቆጥሬዋለሁ፤ ሰሜኑ ግድግዳ ከውጭ ሁለት መስኮት አለው። ከውስጥ አንድም የለውም። ስጠይቅ «ለብርድ ተደፍኖ ነው» ይሉኝ ነበር። የተደፈነ መስኮት ከውስጥ ፍሬሙ ይታያል፣ ቢያንስ ጠርዙ። የት ሄደ?

ሰላምታው እዚህ ነው፦ ጉልበትሽ ተሻለሽ? ደውዪልኝ።

ወንድምሽ

—

ጥቅምት 19

ሁሉን በሴንቲ ለሚለካው ወንድሜ፣ ለሴንቲ፤

እንዴት ነህ? ደም ግፊትህስ? እኔ ደህና ነኝ፤ ጉልበቴ ቁጭ ስል ደህና ነው። ስለዘገየሁ ይቅርታ አድርግልኝ። ደውዪ ብለሃል፤ አልደውልም። በስልክ ትጮሃለህ። በደብዳቤ ስትጮህ ሻይዬን እየጠጣሁ ነው የማነብህ።

ሜትር ስላልነበረኝ የልብስ ሰፊዋን ተዋስኩ። ወርዱ ከውጭ ዘጠኝ ሜትር ከሰማንያ ነው። ከውስጥ ሰባት ሜትር ከሃምሳ አምስት። የደቡቡ ግድግዳ ውፍረት በመስኮቱ በኩል ስድሳ ሴንቲ።

አገልግሎቱን ጻፊ ላልከኝ፣ ከየት ልጀምር? የቤተ ክርስቲያኑ ቁልፍ እኔ ዘንድ ስለሆነ ማን ለምን እንደሚመጣ አውቃለሁ። የሚጸልየውን ትተን፣ ነርሷ በየወሩ ትመጣለች፤ ሕፃናቱ ከመሀል ምሰሶው መንጠቆ ላይ በሚንጠለጠለው ሚዛን ይመዘናሉ። የኔ አራቱም እዚያ ተመዝነዋል። የጎርፉ ዓመት አሥራ አንድ ቤተሰብ አርባ ቀን አድሮበታል፤ አንድ ልጅም ተወልዶበታል፤ አሁን አውቶቡስ ይነዳል፣ ይህንን ደብዳቤ የሚያደርስልህ እሱ ነው። እሳት ሲነሳ ደወሉ ይደወላል። ባልና ሚስት ሲጣሉ አዲሱ ቄስ የኋላው ወንበር ላይ ጎን ለጎን ያስቀምጧቸውና ትተዋቸው ይሄዳሉ፤ ብርዱ ያስታርቃቸዋል። የደቡቡ መስኮት ደፍ ላይ ደግሞ የጠፋ ዕቃ ይቀመጣል። ቁልፍ፣ አንድ እግር ጫማ፣ መነጽር። የመምህሩ ሰው ሠራሽ ጥርስ ሦስት ወር ተቀምጧል። የማን እንደሆነ ሁሉም ያውቃል፣ እሱ ግን አፍሮ አልወሰደውም፤ ሦስት ወር ሙሉ አፉን በእጁ ሸፍኖ አስተማረ።

ስለ መስኮቶቹ ለጠየቅኸኝ፣ ለብርድ ነው።

እህትህ

—

ጥቅምት 30

እትዬ፤

አንደኛ፣ የልብስ ሜትር ይለጠጣል። በልብስ ሜትር ሕንፃ የሚለካ ሰው ሕንፃውን ቀሚስ ሊያሰፋለት ካልሆነ በቀር ምን ፈልጎ ነው? ሁለተኛ፣ ቢለጠጥም ይህን ያህል አይለጠጥም። ቁጭ ብለሽ ከኔ ጋር አስቢው። ከውጭ 9.80። የሁለት ግድግዳ ውፍረት ስድሳ ስድሳ ቢሆን አንድ ሜትር ከሃያ ይነሣል። ውስጡ 8.60 መሆን ነበረበት። አንቺ 7.55 አገኘሽ። አንድ ሜትር ከአምስት ሴንቲ ጠፍቷል።

እኔ በዕድሜዬ የጠፋ ብዙ ነገር አይቻለሁ፤ ሜትር ከአምስት ግን አይጠፋም። ልስን ሜትር ከአምስት አይወፍርም፤ የእናንተ መንደር ልስን እንኳ። ከአባባ ግድግዳ ኋላ ሌላ ግድግዳ አለ። በመካከላቸውም ክፍተት። ማን ሠራው? መቼ? ምን ሊደብቅበት?

አንቺ ደግሞ መዋሸት አትችዪበትም፤ ከልጅነትሽ ጀምሮ። እውነት ስትናገሪ አንድ ገጽ ትጽፊያለሽ፤ ስትዋሺ «ለብርድ ነው» ብለሽ ታቆሚያለሽ።

ሴንቲ

—

ኅዳር 17

እትዬ፤

የላክሽው ሹራብ ደርሶኛል። ልኬ ነው፤ እጅጌው እንኳ። ሹራብ ግን መልስ አይደለም። የቢሮው ቀን ሊደርስ ስድስት ሳምንት ቀርቶታል። የማላውቀው ግድግዳ ላይ አልፈርምም፤ ካልፈረምኩ ይፈርሳል። ሕፃናቱን ከዛፍ ላይ ነው የምትመዝኗቸው?

—

ኅዳር 26

ሴንቲዬ፤

መጀመሪያ ምሳህን ብላ። በባዶ ሆድህ ክፉ ነህ።

ከመጻፌ በፊት የቤተ ክርስቲያኑን ጣሪያ የመቱት አናጺ ዘንድ ሄጄ ነበር፤ ፈቃድ ልጠይቅ። ያኔ ቃል ከገባነው የቀረነው እኔና እሳቸው ብቻ ነን። ሰማንያ ስምንት ዓመታቸው ነው፤ ጆሯቸው ከብዷል። ከበሩ ላይ ሆኜ «ልነግረው ነው!» ብዬ ጮህኩ።

«ለማን?»

«ለወንድሜ! ስለ ግድግዳው!»

«ቀስ በዪ እንጂ፣ መንደሩ ይሰማል።»

«መንደሩማ ያውቃል፣ አባቴ። ስንት ዓመቱ!»

 «እና ሚስጥር ስጠብቅ የኖርኩት እኔ ብቻ ነኛ?» አሉና ሳቁ፤ ከዚያ አለቀሱ። «ንገሪው» አሉኝ።

እንግዲህ ስማ። የድሮው ቤተ ክርስቲያን ጣሪያ ወድቆ ሁለት ዓመት በትምህርት ቤቱ ክፍል መጸለያችንን ታስታውሳለህ። አዲሱ ሲሠራ ሰሜኑን ግድግዳ አባባ ብቻውን ያዘ። እማማ ያረፈችው ግድግዳው ገና ሳያልቅ ነው። መርዶውን የነገሩት አናጺው ናቸው፤ መወጣጫው ላይ እንደቆመ። የግንቡን ቀጥታ የሚለካበት ውሃ ልክ ከእጁ አምልጦ ድንጋይ ላይ ወደቀ። ወርዶ አነሣው፣ በእጅጌው ጠረገው፣ በብብቱ ይዞ ወደ ቤት መጣ። በአራተኛው ቀን ተመልሶ መወጣጫው ላይ ነበር። ማን «ዕረፍ» ይበለው?

ጣሪያው ከተመታ በኋላ አንድ ክረምት አለፈ። አናጺው እንጨቱ ሲንቋቋ ሰሙና ወጥተው አዩ። ግድግዳው አዘንብሏል። ለድሮው ቄስ ነገሩ። ቄሱ ከየቤቱ አንድ አንድ ሰው ጠርተው፣ «ሚስቱን ቀብሮ የሠራውን ግድግዳ አፍርስ የሚለው ማን ነው?» ብለው ጠየቁ። ሰው ሁሉ ጫማውን አየ። ስለዚህ ሳይነግሩት ከውስጥ ሌላ ግድግዳ ሊሠሩና ጣሪያውን እሱ ላይ ሊያሳርፉ ተስማሙ። ችግሩ አባባ ራሱ ነበር። ቤታችን ከቤተ ክርስቲያኑ ሁለት መቶ እርምጃ አይሞላም። ከመንደሩ መውጣት ነበረበት።

እና አንተ ተማርክ።

ቄሱ ለከተማው አዳሪ ትምህርት ቤት ጻፉ፦ ጎበዝ ልጅ አለን፤ አባቱ ግንበኛ ነው፤ የምግብ አዳራሽ እየሠራችሁ እንደሆነ ሰምተናል፤ አብረው ይምጡ። አትናደድ። አንደኛ መውጣትህ እውነት ነው። ሁለተኛ ብትወጣም ግን ትላክ ነበር።

አምስት ወር ፈጀብን። ግንበኛችን እናንተ ጋ ነበር፤ የሠራነው ልብስ ሰፊው፣ መምህሩ፣ ገበሬው፣ ሴቶቹ ነን። እኔ አሥራ አምስት ዓመቴ ነበር፤ ጭቃ ተሸክሜያለሁ። የድንች ማሳ ያልከው ላይ የኔም እጅ አለበት። መስኮቶቹን አናጺው በሚስማር መቷቸው።

አባባ ሲመለስ ሻንጣውን እንኳ ቤት ሳያደርስ ቤተ ክርስቲያኑ ገባ። ሁላችንም ቆመን እናየዋለን። መዳፉን ግድግዳው ላይ አሳረፈ። ከዚያ «ልስኑ ጥሩ ነው» አለ። የሰው ሥራ አመስግኖ የማያውቅ ሰው! አልገባውም ብለን ደስ አለን።

ስሙን ያልቀረጹለት ለዚህ ነው። «ሊቀርጽ መሰላል ላይ የወጣ ሰው ማዘንበሉን ያያል፤ ሞቶም አናሳፍረውም» አሉ ቄሱ። ውጭ ለምን ይቀመጥ እንደነበር ግን አላውቅም። «ግባ» ያለው የለም ላልከው፣ እኔ ሁልጊዜ እለው ነበር። «እዚህ ይሻለኛል» ብቻ ነው መልሱ።

እህትህ

—

ታኅሣሥ 4

እትዬ፤

ምሳዬን በልቼ ነው ያነበብኩት። አልረዳኝም።

ሦስት ደብዳቤ ጽፌ ቀደድኩ። አንዱ ላይ አታላዮች ብያችኋለሁ፤ አንዱ ላይ ከዚያ የባሰ። ለወላጆች ቀን በተጠራሁ ቁጥር «በራሴ ጥረት» እያልኩ ለስንት ተማሪ ተናግሬያለሁ! ይህንን ለብቻው እናደድበታለሁ፤ ጊዜ ይፈልጋል።

አሁን ግን ሁለት ነገር እንቅልፍ ነሥቶኛል።

አንደኛው የሙያ ነው። ልብስ ሰፊና መምህር በጭቃ የካቡት ግድግዳ ጣሪያ ተሸክሞ አርባ አምስት ዓመት አይቆምም። አይሆንም። ሆዱ ወጥቶ መውደቅ ነበረበት፤ በአምስት፣ ቢበዛ በስድስት ዓመት። ለምን ቆመ?

ሁለተኛው ይኸው ነው። የትምህርት ቤቱ አዳራሽ ሲሠራ ለአባባ ምሳ የማደርስለት እኔ ነበርኩ። አንድ ቀን ስደርስ ውሃ ልኩን በር መቃን ላይ አቁሞ ያየዋል፣ ገልብጦ በሌላ ጎኑ ያቆመዋል፣ መልሶ ይገለብጠዋል። አሥር ጊዜ። ከዚያ ድንጋይ ክምሩ ላይ ተቀመጠ። ምሳውን አልነካውም። የታመመ መሰለኝ። ማታውን ሌላ ውሃ ልክ ገዛ፤ አሮጌውን በጨርቅ ጠቅልሎ አስቀመጠው። ከዚያ በኋላ ነው «ገልብጠህ ሳታየው ውሃ ልክ አትመን» የሚለውን ነገር በየቀኑ ጆሮዬ ላይ መጮህ የጀመረው። እኔም በተራዬ ስንቱን ወጣት መሐንዲስ በዚህ አሰቃይቻለሁ።

እትዬ፣ ግድግዳው ማዘንበሉ ገብቶት ነበር። ወደ መንደር ሲመለስ ግድግዳውን ሊያፈርስ ነበር የሚመለሰው።

ስለዚህ ሁለት ሥራ አለሽ። ከሰሜኑ ግድግዳ አናት ላይ ድንጋይ የታሰረበት ገመድ ወደ ውጭ አንጠልጥዪና ከገመዱ እስከ ግድግዳው ያለውን በየከፍታው ለኪ። በማስመሪያ! በልብስ ሜትር ሳይሆን። መሰላል ላይ አንቺ እንዳትወጪ፤ ቄሱ ወጣት ናቸው፣ እሳቸው ይውጡ። ከዚያ አንዱን መስኮት አስከፍተሽ ክፍተቱ ውስጥ የሚታየውን ጻፊልኝ።

ሴንቲ

—

ታኅሣሥ 12

ሴንቲዬ፤

ገመዱን ቄሱ አንጠለጠሉ። «ወንድምሽ ሁልጊዜ እንዲህ ነው?» አሉኝ። «ዛሬ ደህና ቀኑ ነው» አልኳቸው። ከታች ስድስት ሴንቲ። ወገቤ ጋ ስድስት። እጄን ወደ ላይ ዘርግቼ፣ ሁለት ሜትር ከአሥር ላይ፣ አሁንም ስድስት። ከዚያ በላይ ይጠባል፤ ሦስት ሜትር ተኩል ላይ ሦስት፣ አናቱ ጋ ይነካል።

አናጺው ሁለቱንም መስኮት በረጅም ሚስማር መትቻለሁ ይሉ የለ? የቀኙ እውነት ነው። የግራውን ቄሱ በመዶሻ ሊነቅሉ ሲሉ በእጃቸው ተከፈተ። የሚስማሩ ራስ ብቻ ነው ያለው፤ ከኋላ በመጋዝ ተቆርጧል። ከውጭ ለሚያየው የተመታ ይመስላል።

የክፍተቱ ስፋት አርባ አምስት ሴንቲ ነው፤ እኔ በዚያ የማልፍ ሴት አይደለሁም። ቄሱ ልግባ አሉ። አይሆንም አልኩ። ቀሚሴ ተቀዷል፤ ጉልበቴን አትጠይቀኝ። ግን ገባሁ።

ፊቴን ወደ እኛ ግድግዳ አዞርኩና መብራቱን አበራሁ። በውስጥ በኩል የድንች ማሳ ነው አይደል? በጀርባው እንደ መጽሐፍ ገጽ ነው። በድንጋይና በድንጋይ መካከል ያለው ጭቃችን ሁሉ ተፍቆ ወጥቶ በሲሚንቶ ተሞልቷል። በየአንድ ሜትሩ ረጅም ድንጋይ ከግድግዳው ገብቶ አስሮታል። ከመሬት እስከ ጣሪያ። አባባ የድንጋዮቹን መገናኛ ሞልቶ ሲጨርስ ምን ያደርግ እንደነበር ታውቃለህ፤ በአውራ ጣቱ ተጭኖ ነው የሚያቆመው። አለ፣ ሴንቲ። ሁሉም ላይ አለ። የኔን አውራ ጣት አስገባሁበት፤ ይሰፋኛል።

ያኔ ትዝ አለኝ። ከከተማ በተመለሰ ሰሞን «የመጽሐፍ ሳጥኑን ማጠፊያ ላስተካክል» ብሎ የቤተ ክርስቲያኑን ግቢ ቁልፍ ሁለት ወር ያዘው። ማጠፊያው ሁለት ወር አይፈጅም። ያኔ አልጠየቅንም።

ቄሱ ከውጭ «ምን አለ? ምን አየሽ?» ይላሉ።  ልጆች ኳስ ይዘው ግድግዳው ሥር መጡና «እዚያ አትጫወቱ!» ብዬ ከውስጥ ስጮህባቸው መንፈስ የሰሙ መስሏቸው ሸሹ።

አሁን አንተ ንገረኝ።

እህትህ

—

ታኅሣሥ 19

እትዬ፤

እንደምን ሰነበትሽ። ዛሬ ሰላምታው በቦታው ነው።

አባባ የተወልኝ ውሃ ልክ ሃያ ሁለት ዓመት ቢሮዬ ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል። አንድም ቀን ገልብጬ አላየሁትም። የሁሉን ሰው ሳስገለብጥ የሱን አልገለበጥኩም። ትናንት አወረድኩት። ጥጉ ላይ ስብራት አለ። የቢሮዬ በር መቃን ላይ ሳቆመው አረፋዋ ወደ ግራ ሄደች። ገለበጥኩት፤ ወደ ቀኝ ሄደች። በሩ ቀጥ ያለ ነው። የጠመመው እሱ ነው።

ገመድሽን ደግሞ አስቢው። እስከ ሁለት ሜትር ከአሥር ግድግዳው ፍጹም ቀጥ ያለ ነው። ከዚያ በላይ ያዘነብላል፤ ቀስ እያለ ሳይሆን ከአንድ ረድፍ ድንጋይ ጀምሮ። ውሃ ልኩ ድንጋይ ላይ የወደቀው አባባ እዚያ ረድፍ ላይ ሲደርስ ነው። እማማ የሞተችበት ቀን ግድግዳው ላይ ተጽፏል፤ በሴንቲ ሜትር።

ውጭ ለምን ይቀመጥ እንደነበር አላውቅም ብለሽ ነበር። መልሱን ራስሽ ጽፈሽዋል፤ አላየሽውም እንጂ። ያ ግድግዳ ቢወድቅ የሚወድቀው ወደ ውጭ ነው። ሰው ሁሉ ውስጥ ሲሆን ልጆቹ ብቻቸውን ውጭ ይጫወታሉ። እሱ እዚያ ተቀምጦ ያባርራቸው ነበር። ዘበኛው። እኔ ስድብ መስሎኝ ሃያ ሁለት ዓመት ተጣላሁበት፤ ልጆች ያወጡለት ትክክለኛ የሥራ መደቡ ነበር።

ቅጹ ላይ «የሕንፃው ታሪክ» በሚለው ሥር እንዲህ ሞልቻለሁ፦ «ሰሜኑ ግድግዳ ሁለት ነው። የውጩን አንድ ግንበኛ ሠራ። ስህተቱን ሳይነግሩት መንደሩ የውስጡን ሠራ። የመንደሩን ስህተት ሳይነግራቸው ግንበኛው የውስጡን በጀርባው አጠናከረ። ጣሪያው በውስጡ ላይ አርፎ አርባ አምስት ዓመት ቆሟል።» አገልግሎቱን አንቺ እንደጻፍሽው ገልብጫለሁ፤ የመምህሩን ጥርስ ብቻ አውጥቼ።

ሪፖርቱም ተዘጋጅቷል። የውጩ ግድግዳ ከሁለት ሜትር ከአሥር በላይ ያለው በእጅ፣ ድንጋይ በድንጋይ ይወርዳል። ከዚያ በታች ያለው ይቆያል፤ እማማ በሕይወት ሳለች የተሠራ ነው። ስሙን አታስቀርጹ። አውራ ጣቱ ይበቃል። የድንች ማሳውንም ማንም እንዳይነካው፤ ልስኑ ጥሩ ነው።

ፊርማው ቀርቷል። ያላየሁትን አልፈርምም፤ ሐሙስ እዚያ ነኝ። ሜትር ይዤ እመጣለሁ። መምጣቴን ለአናጺው ንገሪልኝ፣ ቀስ ብለሽ፣ መንደሩ እንዳይሰማ።

እስክመጣ ልጆቹ ከዚያ ሥር እንዳይደርሱ። አንቺ ወንበሩ ላይ ተቀመጪ።

ሴንቲ

—

ታኅሣሥ 21

ሴንቲዬ፤

ተቀምጫለሁ። ልጆቹ ከአሁኑ ስም አውጥተውልኛል፤ ምን እንደሆነ ስትመጣ ትሰማዋለህ።

ሹራቡን ለብሰህ ና። እዚህ ይበርዳል።